ስለ እውነተኛ ክብርና ስለ መንፈሳዊ ሥልጣን፤ የወለተ ጴጥሮስ ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ በደልጊ ዳር ቆመህ ፊትህን ወደ ፀሐይ መውጫ ብትመልስ፥ በጣና ሰሜን ዳር የጎርጎራ ምድር ይሆንልሃል፤ ከኋላህ ያለው ምዕራብ ደግሞ ወደ ሱዳን የሚወርደው ቆላ ነው። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ከነዚህ በአንደኛው ወገን የንጉሥ ከተማ ነበረ፤ ወደ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ንጉሥ የተቈጣት አንዲት ሴት ተጋዘች። ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚህች ሴት ነው፤ ይኸውም ከአደባባይ ክብር ወደ ቆላ ግዞት ስለ ወረደች፥ ከዚያም ንጉሥ ሊሰጠው የማይችለውን ሥልጣን ይዛ ስለ ተመለሰች ስለ ወለተ ጴጥሮስ ነው።

ይህን ታሪክ ያለ ምክንያት አልመረጥሁልህም። አንተ ማንበብ የተማርህ ሰው ነህ። ምናልባት አስተማሪ ወይም ጸሐፊ ትሆናለህ፤ ምናልባትም በጉባኤ ፊት ቆመህ ቃሉን ታነብ ዘንድ ተመርጠሃል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው ጥቂት ባወቀ ጊዜ ወዲያው የሚፈልገው፥ ሌላው ሰው እንዲነሣለት፥ በማዕድ ላይኛውን ስፍራ እንዲለቁለት፥ ነገሩም ሳይመለስበት እንዲሰማ ነው። ይህንንም የወንጌል ክብር ብሎ ይሰይመዋል። ይህ በሽታ በካህንም በሰባኪም በተማሪም ቤት ይገኛል።

የወለተ ጴጥሮስ ገድል የተጻፈው ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ1672 ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስተውል። ጸሐፊው ገላውዴዎስ የሚባል መነኵሴ ነው፤ እርሷን ከሚያውቁ ሰዎች አፍ የሰማውን ጻፈ። ግዕዙን በ1912 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ አሳተመው፤ በ2015ም በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በአሜሪካ ታተመ። በመጽሐፉ ብዙ ተአምራት ይነገራሉ፤ ስለ እነርሱ ልከራከርህ አልመጣሁም። እኔ የምወስድልህ ሥራዋንና ጠባይዋን ነው።

በ1592 ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ እናቷም ክርስቶስ እበያ ይባሉ ነበር፤ ወገናቸውም ከታላላቅ መኳንንት ነበረ። ለማግባት በደረሰች ጊዜ ለመልክአ ክርስቶስ ዳሯት። እርሱም በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ እጅግ የታመነ አማካሪና የጦር አለቃ ነበረ። ስለዚህ በዚያን ዘመን አንዲት ሴት ልታገኘው የምትችለውን ክብር ሁሉ ገና በወጣትነቷ አገኘች፤ ወርቁን፥ አገልጋዩን፥ የባሏን ስም። ከዚህ በላይ የምትመኘው ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር በችኰላ አትለፈው። ቤቷ በሰው የተሞላ ነበረ፤ አልጋዋ ግን ባዶ ነበረ። በሹመት ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ የሚረዳው ነገር አለ፤ ሞት በደጅ ጠባቂ አይመለስም። ከዚያ ጀምሮ ልቧ ወደ ጾምና ወደ ጸሎት አዘነበለ፤ ድሆችንና ካህናትን መመገብ አበዛች፤ በመጨረሻም ይህን ኑሮ ትታ ልትመንን ቈረጠች።

አንድ ሌሊት ከቤቷ ወጥታ ሄደች። መልክአ ክርስቶስ በሰማ ጊዜ ሠራዊት ይዞ ተከተላት፤ የሸሸገችበት አገር ነው ብሎ ባሰበው ስፍራም በሕዝቡ ላይ ጥፋት አደረሰ። እርሷም ድሆች ስለ እርሷ እንደሚገፉ ባወቀች ጊዜ ከተሸሸገችበት ወጥታ ተመለሰች። እኔ ይህን ከገድሏ ብዙ ተአምራት አስበልጬ አየዋለሁ። የመመንኰስ ምኞቷ ቅዱስ ነበረ፤ ነገር ግን የእርሷ ቅድስና በሌላ ሰው ቤት መቃጠል እንዲገዛ አልወደደችም። ብዙ ሰው ለእግዚአብሔር አገለግላለሁ ሲል ዋጋውን ሌላው እንዲከፍልለት ይተዋል።

አሁን የዘመኑን ነገር ጥቂት ልንገርህ፤ ያለ እርሱ የሚከተለው አይገባህም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1607 ነገሡ። በዚያን ጊዜ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በአገራችን ነበረ፤ በ1603 ገብቶ ነበር። ትዕግሥተኛ ሰው ነበረ፤ የአገሩን ቋንቋ ተማረ፥ ሕንፃ ሠራ፥ በንጉሡም ፊት በልስላሴ ተናገረ። ንጉሡ ወደ እርሱ ሃይማኖት አዘነበሉ። ስለዚህም ነገር በመንግሥቱ ጠብ ተነሣ፤ አቡነ ስምዖን ንጉሡን ከተቃወሙት ከዩልዮስ ጋር ሆነው በ1617 በጦርነት ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ በንጉሡ ወገን ነበረ። ገድሏ እንደሚለው የተገደሉት ጳጳስ ልብስ ወደ ቤቱ ገባ፤ ወለተ ጴጥሮስም ይህን ባወቀች ጊዜ ከእንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ ልትቀመጥ እንደማትችል አስታወቀች። ከብዙ ክርክር በኋላ ተለያዩ።

ይህን ያነበበች ሚስት ሁሉ ባሏን ትታ ትውጣ ለማለት አልጻፍሁትም፤ የጋብቻ ቃል ኪዳን ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በደም የተገኘ ክብር በቤትህ ሲገባ ዝም ብለህ አብረህ የምትበላ ከሆነ፥ ያ ክብር የአንተም እንደሚሆን እወቅ። እርሷ ያየችው ይህን ነው።

ጠጕሯን ተላጭታ መነኰሰች። በዚያም ወራት እኅተ ክርስቶስ ከምትባል ሴት ጋር ተገናኘች፤ እርሷም እንዲሁ ባሏንና ሀብቷን ትታ የመጣች ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ሞት ድረስ ጓደኛሞች ሆኑ። አንዲቱ ስትጋዝ ሁለተኛዪቱ ተከተለች፤ አንዲቱ ስትታመም ሁለተኛዪቱ አስታመመች። ወለተ ጴጥሮስ ግን በመጀመሪያ የፈለገችው ማኅበር መምራት አልነበረም። እህል ትፈጭ፥ ውኃ ትቀዳ፥ እንጨት ትለቅም ነበር። በባሏ ቤት ሳለች ይህን የሚሠሩላት ብዙ ሴቶች ነበሩ፤ እጇም ሥራውን የተማረው በዚያን ጊዜ ነው። የወፍጮ መጅ የጨበጠ ሰው እጁ እንዴት እንደሚላጥ እናትህን ጠይቃት።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። በዚሁ ዓመት ያ ትዕግሥተኛው ፓኤዝ ሞተ። በ1625 ደግሞ አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባለው ፓትርያርክ መጣ፤ በ1626ም ንጉሡና መኳንንቱ በፊቱ ተንበርክከው ለሮም ፓፓ ሊታዘዙ ማሉ። ሜንዴዝ የተማረ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደ አልተጠመቀ ተቈጥሮ እንደ ገና ይጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና ይካኑ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ ተባለ። ቅዳሜን ማክበርና መገረዝም ተከለከለ። እስቲ አስበው፤ አንድ ሽማግሌ አባቱም አያቱም የሞቱበት ጥምቀት ከንቱ ነው ተብሎ በአንድ ቀን ሲነገረው! እኛም በሚስዮን ማተሚያ የምናትም ሰዎች ይህን ታሪክ ሳንሸሽግ ማንበብ ይገባናል። ፓኤዝ በሃያ ዓመት በፍቅር የሠራውን ሜንዴዝ በጥቂት ዓመት በትእዛዝ አፈረሰው።

በዚህ ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ዝም አላለችም። በየስፍራው እየዞረች ሰዎችን ታጸና ነበር፤ ካህናቱንም በቅዳሴ ጊዜ የንጉሡን ስም እንዳይጠሩ መከረቻቸው። ይህ ነገር በመንግሥት ዘንድ ዐመፅ ነበረ። ስለዚህም ወደ አደባባይ አቀረቧት። መኳንንቱና መሳፍንቱ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዘመዶቿና በባሏ ቤት የበሉ ሰዎች፥ በዙሪያዋ ተቀምጠው ነበር። ንጉሡ እጅግ ተቈጡ፤ ሞት እንዳይፈረድባት ግን መልክአ ክርስቶስና ዘመዶቿ ለመኑላት። ትታው የሄደችው ባሏ ማለደላት! የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ በአንድ ነገር ክፉ የሆነ ሰው በሌላው ነገር ቸር ሆኖ ታገኘዋለህ። ስለዚህ በማንም ላይ ፈጥነህ የመጨረሻ ፍርድ አትስጥ።

ከዚያ በኋላ ወደ ዋልድባ ወገን ሸሸች፤ በዚያም ማስተማሯን አልተወችም። እንደ ገና ተይዛ በቀረበች ጊዜ ሜንዴዝ ሊያስተምራትና ልቧን ሊመልስ ብዙ ደከመ። ትልቅ ሊቅና ፓትርያርክ በአንድ ወገን፥ ባዶ እግሯን የሆነች አንዲት መነኵሲት በሁለተኛው ወገን ነበሩ። ሥልጣን በማዕረግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። ነገር ግን አልበገረችም፤ በመጨረሻም በምዕራብ ቆላ ወዳለችው ወደ ዠበይ ተጋዘች።

በዠበይ ሦስት ዓመት ተቀመጠች። አገሩ ሙቀት የበዛበት በረሃ ነው፤ የሚጠብቃትም ክርስቲያን ያልሆነ ሰው ነበረ፤ በመጀመሪያ ክፉ አሰበባት፥ በኋላ ግን ያከብራት ጀመር። እንዲህ ሆኖ ሳለ የሆነውን ነገር ተመልከት። ንጉሡ ሰው እንዳይሰማት አርቀው ሰደዷት፤ ሰዎች ግን እርሷ ወዳለችበት መምጣት ጀመሩ። አስቀድማ እኅተ ክርስቶስ ደረሰች፤ ቀጥሎም ከስደት የሸሹ ወንዶችና ሴቶች መጡ። የመጀመሪያዪቱ ማኅበሯ በግዞት ቦታ ተሰበሰበች። የሚሰበሰቡትም ጉልት ወይም ሹመት ፈልገው አይደለም፤ የምትሰጣቸው እንጀራ እንኳ አልነበራትም።

ገድሏ ስለዚህ ሹመት ሲናገር፥ ጌታ የብዙ ነፍሳት ጠባቂ ትሆን ዘንድ ባዘዛት ጊዜ፥ ራሷን እንኳ ለመጠበቅ የማትችል ትቢያ መሆኗን እየተናገረች እንዳለቀሰችና እምቢ እንዳለች ይተርካል። በኋላም ታዘዘች። እኔ ይህ ልቅሶ እውነት ይመስለኛል። ሌላውን ሰው መምራት ምን እንደሆነ ያወቀ ሰው በሹመቱ ቀን አይጨፍርም። የክርስቲያን ሥልጣን በክርስቶስ ቤት በጸጋ የሚሰጥ አደራ ነው፤ አደራም ባለቤቱ የሚጠይቀው ነገር ነው። ጌታ እንኳ መታጠቂያ አንሥቶ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበባት ሌሊት ሥልጣኑ ሁሉ በእጁ ነበረ።

ከግዞት በተመለሰች ጊዜ ከጣና በስተ ሰሜን በደምቢያ፥ ጫንቋ በምትባል ስፍራ ሁለተኛ ማኅበር አቆመች። በዚያም በሽታ ስለ ገባባቸው ተነሥተው በባሕሩ ደቡብ ምሥራቅ ወዳለችው ወደ ምጽሌ ሄዱ። ገና መሸሸግ ነበረባቸው፤ ስደቱ አልቀረም ነበርና።

በ1632 በሰኔ ወር ግን ነገሩ ተለወጠ። በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት የንጉሡ ሠራዊት ስለ ሃይማኖት የተነሡትን ባላገሮች ድል ነሣ፤ ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ተጽፏል። ድል ነበረ፤ ነገር ግን የሞቱት እስላሞች ወይም አረመኔዎች አልነበሩም፤ የንጉሡ የገዛ ሕዝብ ክርስቲያኖች ነበሩ። ልጃቸው ፋሲልና መኳንንቱ ይህን አሳዩዋቸው። ዐፄ ሱስንዮስም ልባቸው ተሰብሮ፥ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱንም ለፋሲል ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ሞቱ። ሃያ አምስት ዓመት የነገሡ፥ በጦር ሜዳ የጀገኑ ንጉሥ በሰው ሕሊና ላይ ሊነግሡ ባለመቻላቸው ዙፋናቸውን ተዉ። እኔ ስለ እኚህ ንጉሥ ሳስብ አዝናለሁ እንጂ አልፈርድም፤ ስሕተታቸውን አይተው በሕይወታቸው ሳሉ የመለሱት ነገሥታት ጥቂቶች ናቸውና። ዐፄ ፋሲልም ቢሆኑ በጭካኔ አልነጹም፤ ሜንዴዝን ካባረሩ በኋላ ከቀሩት ካህናት አንዳንዶቹ በስቅላት ሞቱ። የዚያ ዘመን ኃይለኛ ሁሉ፥ በየትኛውም ወገን ቢሆን፥ እግዚአብሔር በገመድና በሰይፍ እርዳታ የሚሻ ይመስለው ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የወለተ ጴጥሮስ ፈተና በዚህ ያለቀ አይምሰልህ። ከስደት ይልቅ የከበደው ከስደት በኋላ መጣ። የተሰደደችለት ሃይማኖት ድል ባደረገ ጊዜ፥ ማኅበሯ በዘጌና በሌሎችም ስፍራዎች በበዛ ጊዜ፥ ወንዶችም ሴቶችም እናታችን እያሉ በታዘዙላት ጊዜ፥ ከገዛ ወገኗ ሊቃውንት ተነሡባት። ሴት እንዴት በወንዶች ላይ አለቃና አስተማሪ ትሆናለች፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ሴት እንዳታስተምር አልከለከለምን፤ ብለው ሊያስተዋት ፈለጉ። መልስ የሰጠላቸው አባ ፈትለ ሥላሴ የሚባል ሊቅ ነበረ፤ እግዚአብሔር ያስነሣትን ማንም ሊጥላት እንደማይችል አስረዳቸው።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልቈይ። እነዚያ ሊቃውንት መጽሐፍ ያውቁ ነበር፤ የጠቀሱትም ቃል በመጽሐፍ አለ። ነገር ግን በ1626 መሐላው ሲደረግ የት ነበሩ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከካህናቱ ብዙዎቹ ሸሹ፥ ብዙዎቹም ማሉ፤ ጥቂቶች ብቻ ጸኑ። በዚያን ጊዜ አስተማሪ ማን ይሁን ብሎ የተከራከረ አልነበረም፤ ማስተማር ግዞት ነበረና። ማስተማር ክብር በሆነ ጊዜ ግን ስለ ወንበሩ ክርክር ተጀመረ። እርሷስ ምን አደረገች? ስለ ራሷ ተነሥታ ስትከራከር በዚህ ስፍራ አናገኛትም። ሥራዋን ቀጠለች። ወደ ፈጨችበትና ውኃ ወደ ቀዳችበት ዘመን ተመልሳ ሹመቷን አላስመሰከረችም፤ ያዩ ሰዎች ነበሩና እነርሱ መሰከሩ። ዐፄ ፋሲልም አከበሯት።

ገር ሴት ብቻ ነበረች ብዬ ልሸነግልህ አልወድም። ገድሉ ራሱ አይሸሽገውም፤ የማኅበሩን ሥርዐት በሚያፈርሱ ላይ እጅግ ብርቱ ነበረች፤ አንዳንዱ ነገሯ ለዛሬ አንባቢ ይከብዳል። እኔም ሁሉን አላጸድቅም። ነገር ግን በማኅበሩ ውስጥ የማንም የግል ሀብት አልነበረም፤ የመኳንንት ልጅ የሆነችውም ባላገር የሆነችውም ከአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር። በሌላው ላይ ያጸናችው ቀንበር አስቀድሞ በራሷ ትከሻ ላይ የነበረ ነው፤ ይህም በአለቃ ሁሉ ዘንድ አይገኝም።

ማኅበሮቿ በጠቅላላ ሰባት ሆኑ፤ ዠበይ፥ ጫንቋ፥ ምጽሌ፥ ዘጌ፥ ደምቦዛ፥ አፈር ፈረስና ዘምቦል። ከዠበይ በቀር አብዛኞቹ በጣና ዙሪያ ነበሩ። ከአንዱ ወደ አንዱ የምትሄደው በታንኳ ነው። ታንኳውን በደንገል ሲሠሩት አይተህ ይሆናል፤ ውኃ በጠጣ ቍጥር ይከብዳል፥ በየጊዜውም ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ተቀምጣ በማዕበል ውስጥ በሽተኞችን ለመጐብኘት ትመላለስ ነበር።

በ1642 ታመመች። ሕመሙ ሦስት ወር ያህል ቈየባት። ሞቷ እንደ ቀረበ ባወቀች ጊዜ ማኅበሩን ለዘመድ አልሰጠችም፤ ከትልቅ ቤት የመጣች ሌላ እመቤትም አልፈለገችም። አብራት ለፈጨችው፥ አብራትም ለተሰደደችው ለእኅተ ክርስቶስ አደራ ሰጠች። ኅዳር 17 ቀን በ50 ዓመቷ አረፈች፤ በጣና ባለችው በሬማ ደሴትም ተቀበረች።

እኅተ ክርስቶስ ማኅበሩን ሰባት ዓመት ያህል መርታ በ1649 ሞተች። ከዚህ በኋላ ማኅበሩ በባሕሩ ምሥራቅ ዳር በቆራጣ ሰፈረ፤ ገድሉም የተጻፈው በዚያ ነው። ቆራጣ በወለተ ጴጥሮስ ስም የተከበረች የመማጸኛ ከተማ ሆነች። በአገሩ ጦርነት በተነሣ ቍጥር ነጋዴው ዕቃውን፥ ድሀውም ልጆቹን ይዞ ወደ እርሷ ይሸሽ ነበር። በ1866 በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወደዚያ የደረሱ እንግሊዞች ስለ ከተማይቱ ክብር ጽፈዋል፤ መንገደኛ ወደ ቆራጣ ሲገባ፥ ባለ ማዕረግ ሰው እንኳ ቢሆን፥ ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ ይገባ ነበር።